የፀረ ተባይ ሕግ ላይ መሥራት ለምትፈልገው የሕግ ምሩቅ

ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። በሕግ ተመርቀሻል። ያደግሽው ባቱ (ዝዋይ) ነው። ታላቅ እህትሽ አበባ እርሻ ትሠራለች፤ ርጭት በተደረገ ማግስት ራሷን እያመማት ትመለሳለች። አንቺም በፀረ ተባይና በሰብዓዊ መብት ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አሁን ሁለት ዕድል አግኝተሻል፤ አንዱ የትራንስፖርት ብቻ የሚከፍል የመብት ድርጅት ልምምድ፣ ሌላው ፀረ ተባይ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የምዝገባ ክፍል ሥራ። «ሁለተኛውን ብይዝ ኅሊናዬን ሸጥኩ ማለት ነው?» ብለሻል።

አይደለም። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነው የምይዘው። ምክንያቴን በብራዚል ላሳይሽ።

ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣችው ሕግ አንድ ኬሚካል እንዲመዘገብ የሦስት መሥሪያ ቤቶችን ይሁንታ ይጠይቅ ነበር፤ የግብርና፣ የጤና እና የአካባቢ ጥበቃ። ለትልልቆቹ እርሻዎች ይህ አልተመቻቸውም። ሕጉን የሚለውጠውን ረቂቅ መጀመሪያ ያመነጨው ብላይሮ ማጊ ነው፤ ቤተሰቡ ስመ ጥር የአኩሪ አተር ባለሀብት ነው። ሰውየው ኋላ የግብርና ሚኒስትርም ሆኗል። ተቃዋሚዎች «የመርዝ ጥቅል» ያሉት ይህ ረቂቅ ከ20 ዓመት በላይ ሲንከባለል ቆይቶ በዲሴምበር 2023 ሕግ ሆነ። የምዝገባው ዋና ሥልጣን ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ። ካንሰር አምጪ ኬሚካሎችን በቀጥታ ይከለክል የነበረው ድንጋጌም «ተቀባይነት የሌለው ስጋት» አለ ወይስ የለም በሚል ምዘና ተተካ። ፕሬዚዳንት ሉላ አንዳንድ አንቀጾችን ውድቅ ቢያደርጉም፣ ኮንግረሱ በሜይ 2024 የተወሰኑትን መልሶ አስገባቸው።

እንዴት አለፈ? ከ594ቱ የኮንግረስ አባላት ከግማሽ በላዩ የግብርና ፓርላማ ግንባር የሚባለው ስብስብ ውስጥ ናቸው። ለግንባሩ የቴክኒክ ሥራውን የሚሠራለት አንድ ተቋም አለ። ወጪውን የሚሸፍኑት የዘርፉ ማኅበራት ናቸው፤ ፀረ ተባይ አምራቾችም አሉበት። ማክሰኞ ማክሰኞ ብራዚሊያ ውስጥ አንድ ቪላ ተሰብስበው ምሳ ይበላሉ፣ ስለ ሳምንቱ አጀንዳ ይነጋገራሉ። ድብቅ ነገር የለውም፤ ጋዜጠኛው ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ከጉቦ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ዓይነቱ ነው፤ ማንንም አትከሺበትም። በሌላ ወገን ረቂቁን በጽኑ ከሞገቱት መካከል የጤና ምርምር ተቋሙ ፊዮክሩዝና ብሔራዊ የካንሰር ተቋሙ ይገኛሉ። የመርዝነት ጥናት ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ስላሏቸው ክርክራቸውን በቀላሉ ማጣጣል አልተቻለም።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ደግሞ ሴያራ የምትባለው የብራዚል ግዛት ታሳይሻለች። ዜ ማሪያ ዶ ቶሜ የሚባል የገበሬዎች መሪ በአውሮፕላን የሚረጨው መርዝ ቤትና ውኃ ላይ እየወረደ ነው ብሎ ታገለ። የሊሞኤይሮ ዶ ኖርቴ ከተማ በ2009 የአየር ርጭትን ከለከለች። በኤፕሪል 2010 ሰውየው ከ20 በላይ ጥይት ተተኩሶበት ተገደለ። ወር ገደማ ቆይቶ ከተማዋ ክልከላውን ሻረችው። በ2019 ግዛቱ በሙሉ የአየር ርጭትን የሚከለክል ሕግ በዜ ማሪያ ስም አወጣ፤ የእርሻ ባለቤቶች ኮንፌዴሬሽን ፍርድ ቤት ገተረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ሕጉን አጸናው። ተደሰትን ስንል በ2024 መጨረሻ የግዛቱ ምክር ቤት በድሮን መርጨትን ፈቀደ። ሕግ ማስወጣት አንድ ነገር ነው፣ መጠበቅ ሌላ።

ወደ አንቺ ልመለስ። በምዝገባ ክፍል ውስጥ ዶሴ ታዘጋጂያለሽ፤ የመርዝነት ደረጃ፣ የመስክ ሙከራ ውጤት፣ የአማርኛ መለያ ጽሑፍ። ከርጭት በኋላ ሠራተኛ ስንት ሰዓት ጠብቆ ወደ ግሪንሃውስ መግባት እንዳለበት የሚገልጸው ቁጥር እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው። የእህትሽ ራስ ምታት ጉዳይም ከዚህች ቁጥር ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ቁጥሯ ከየት እንደመጣች፣ እርሻው ውስጥ ማን መቆጣጠር እንዳለበት የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ስንት አለ ብለሽ ነው? በጣም ጥቂት። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ገብታ ትቀልጣለች» ይሉኛል። ስጋታቸው እውነት አለው፤ ደሞዝ ሲለመድ ከባድ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ብለሽ ግቢ፣ ቀኑንም ለምታምኚው ሰው ንገሪ።

ጎን ለጎን የ2002 ዓ.ም.ቱን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 እና የሮተርዳም ስምምነትን (ስለ አደገኛ ኬሚካሎችና ፀረ ተባዮች ንግድ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት) አንብቢ። ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች (የመብት ጉዳዮችን የሚመረምሩ ገለልተኛ ባለሙያዎች) እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ፀረ ተባይና ስለ ምግብ መብት ያቀረቡት ሪፖርትም አለ፤ ረጅም አይደለም። ኦሮምኛሽን አትጣይው። ባቱ አካባቢ ሠራተኛ የልቡን የሚነግርሽ በቋንቋው ነው። ማስተርስ መማሩ ይቆይ።

ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ ውሉ ውስጥ ያለው የምስጢር አንቀጽ ከሥራ ከለቀቅሽ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስርሽ። በሥራ ላይ ያገኘሽውን ሰነድ ይዘሽ መውጣት አትችዪም፤ ይዘሽ የምትወጪው እውቀቱን ነው። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ለእህትሽ እርሻ የሚሸጥ መሆን አለመሆኑን ጠይቂ። የሚሸጥ ከሆነ ይቅርብሽ፣ ሌላ አስመጪ ፈልጊ። እህትሽ አንድ ቀን አቤት ልበል ብትል በአሠሪሽና በእሷ መሃል መቆም የለብሽም።