ፋብሪካው ውስጥ ስንት ቀን ትውያለሽ?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቀሽ ሁለት በር ተከፍቶልሻል። አንዱ ማስተርስ ነው። ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካ አብረው በያዙት ፕሮጀክት ላይ፣ ብየዳው ገና በሥራ ላይ እያለ በአልትራሳውንድ፣ ማለትም ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፣ የመፈተሽ ጥናት። ሌላው የብየዳ ፍተሻ ቴክኒሻን ሆኖ መቀጠር። ጓደኛሽ «የቴክኒሻኑን ሥራ ነገ ሮቦት ይወስደዋል» ይልሻል። አባትሽ ደግሞ ደመወዝ ያለውን ያዢ ይላሉ። መልስ የምትሰጪበት ቀን የቀረው ሁለት ሳምንት ነው።

እኔ ማስተርሱን ያዢ ባይ ነኝ። ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ፋብሪካው ውስጥ የምትውይበት ቀን በጽሑፍ ይግባልሽ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንዲገባሽ ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ወፍራም ብረት በአንድ ዙር ተበይዶ አያልቅም። መስመር በመስመር፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ነው የሚሞላው። ከታች ያለው መስመር ከጎኑ ካለው ብረት ጋር ሳይዋሐድ ቢቀር፣ በተለመደው አሠራር ጉዱ የሚታወቀው ሁሉም ተሞልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ያኔ በላዩ ያለው ሁሉ ተፍቆ ይወጣል። እንደገና ይበየዳል፣ እንደገና ይፈተሻል። ጉድለቱ ሦስተኛው መስመር ላይ እያለ ቢያዝ ግን የሚፋቀው ጥቂት ነው። ፋብሪካ ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ገንዘብ የሚያወጣው ለሳይንስ ፍቅር ብሎ አይደለም።

ሲያወሩት ቀላል ይመስላል፤ ሲሠሩት ግን ፍዳ ነው። ድምፁን ወደ ብረቱ እንልካለን፤ ጉድለት ካገኘ ተመልሶ ይመጣል። ብየዳ ለመፈተሽ በብዛት የምንጠቀምበት ሸር የሚባለው የድምፅ ሞገድ፣ በቀዝቃዛ ብረት ውስጥ በሰከንድ 3,200 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። ብረቱ ሲሞቅ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ብየዳው አካባቢ ደግሞ ሙቀቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ሞገዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይታጠፋል። ስክሪኑ «እዚህ ጋ ነው» ሲልሽ ጉድለቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ገና ባልረጋ ብረት ውስጥማ ይህ ሞገድ ጭራሽ አያልፍም። ድምፁን የሚልከውንና የሚቀበለውን ፕሮብ ከብረቱ ጋር የሚያገናኘው ጄል በሙቀቱ ይደርቃል። ባይደርቅም ወደሚበየደው ቦታ ከገባ ራሱ የአየር ቀዳዳ ያመጣል። በዚያ ላይ ገና ያልሞላው ቦይ ጠርዙ ድምፁን ይመልሳል፤ ለጀማሪ ዓይን ቁርጥ ስንጥቅ ነው የሚመስለው።

ተመራማሪዎች ዘዴያቸውን የሚፈትኑበት አንዱ መንገድ ጉድለት ሆን ብለው መቅበር ነው። ቀጭን የቱንግስተን ዘንግ ያስቀምጡና በላዩ ይበይዳሉ። ቱንግስተን የሚቀልጠው 3,400 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ በቀለጠው ብረት መሐል ሳይቀልጥ ይቀራል። ቦታውና መጠኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ መሣሪያው አገኘው ወይስ ሳተው ማለት ይቻላል። ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ፣ እውነተኛ የብየዳ ጉድለት እንደ ዘንግ ድቡልቡልና ጨዋ አይደለም። ጠማማ ነው፣ ስስ ነው፣ ፊቱን አዙሮብሽ የተኛም አለ። ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ የዋለ ተማሪ ዘንግ ሲያድን ከርሞ ይመረቃል። ፋብሪካው ግን ከመስመር የወጡ፣ ተቆርጠው የተጣሉ እውነተኛ ቁርጥራጮች አሉት። የትኛው መስመር ላይ እጁ እንደሚከብድበት የሚነግርሽ በያጅም አለ። ቀን ይጻፍልሽ የምለው ለዚህ ነው።

ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካ በአንድ ፍጥነት እንደማይራመዱም ልብ በዪ። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ትናንሽ ላኪና ተቀባይ ክፍሎች ካሉት ፕሮብ የሚመጣውን ሙሉ መረጃ ሰብስቦ ምስሉን ነጥብ በነጥብ የሚያጠራውን፣ ቲኤፍኤም (TFM) የሚባለውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። ዘዴው ለብየዳ ፍተሻ በስሙ የራሱ የአይኤስኦ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) ደረጃ የወጣለት በ2021 ነው። በመሐል ያለውን ዘመን የሞሉት መሣሪያ የሚሠሩ ኩባንያዎች፣ የደረጃ ኮሚቴዎችና ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ነገ ልትቀጠሪ የምትችይው እዚያ መሐል ነው። ብሪታንያ ውስጥ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከ2003 ጀምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችንና ኢንዱስትሪውን ያቀናጀ የምርምር ማዕከል አለ። የዶክትሬት ተማሪዎቹም አንዳንዶቹ አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በስፖንሰራቸው ድርጅት ውስጥ ነው። የግላስጎው ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሚበይድና የሚፈትሽ ሮቦት ጎን ለጎን አቁሞ ይሠራል።

ጓደኛሽ ስለ ሮቦቱ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ፕሮቡን መግፋቱን ሮቦት ይችልበታል። ግን በአንዳንድ ብረቶች ሃይድሮጂን የሚያመጣው ስንጥቅ ብየዳው ካለቀ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ቆይቶ ነው የሚወጣው። ለዚህም ነው በአንዳንድ ሥራዎች የመጨረሻው ፍተሻ እስከ 48 ሰዓት እንዲቆይ የሚጠየቀው። በሥራ ላይ መፈተሽ ይህን አያስቀረውም። ውጤቱን አይቶ «ይለፍ» ወይም «ይውደቅ» ብሎ የሚፈርምም ሰው ያስፈልጋል።

አባትሽም ያለ ነገር አልተናገሩም። ማስተርስ ብቻውን ፍተሻ ላይ አያስፈርምሽም። የፈታሾች ሰርተፍኬት በሚሰጥበት ደንብ፣ በአይኤስኦ 9712 መሠረት፣ ራስሽን ችለሽ ለመፈተሽ የሚያበቃሽን የደረጃ 2 ሰርተፍኬት ለማግኘት ሥልጠና፣ ፈተናና በብቁ ባለሙያ ሥር የተሠራ የልምድ ጊዜ ያስፈልጋል። ሰርተፍኬቱ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው፤ ከዚያ ይታደሳል። እንግዲህ ፋብሪካው ውስጥ ሰርተፍኬት ያለው ፈታሽ ካለና ጊዜሽን መዝግቦ የሚፈርምልሽ ከሆነ፣ አንድ ድካም ለሁለት ይሆንልሻል። ከሌለ ግን ፋብሪካው ውስጥ ብትከርሚም ለሰርተፍኬቱ የሚቆጠርልሽ ነገር ላይኖር ይችላል።

የምስጢር ነገርም አለ። ፋብሪካው መረጃው እንዳይወጣ መፈለጉ ወግ ነው፣ አትቀየሚ። መመረቂያ ጽሑፍሽ ለጊዜው ታሽጎ ይቀመጥ ቢሉም ችግር የለውም። መመረቂያሽን የሚያዘገይ አንቀጽ ካለ ግን እንዲወጣ ጠይቂ። ለቀጣሪ የምታሳዪው አንድ ነገር፣ በተቀበረው ዘንግ ላይ የተሠራው ውጤትም ቢሆን፣ ይፈቀድልሽ።

አሁን ኢሜይሉን ለፕሮፌሰሩ ዛሬ ላኪ፤ ሁለት ሳምንት ሩቅ አይደለም። አጭር ይሁን። በሳምንት ስንት ቀን ፋብሪካው ውስጥ እንደምትውይ፣ እዚያ ተጠሪሽ ማን እንደሆነና የፍተሻ ሰርተፍኬት እንዳለው ጠይቂ። ባለፈው ዓመት እዚሁ ፕሮጀክት ላይ የነበረ ተማሪ ካለም እንዲያገናኙሽ ለምኚ። በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ካሉሽ ፈርሚ። «እንደ ሁኔታው እናያለን» የሚል መልስ ከመጣ የቴክኒሻኑን ቦታ ተቀበይ፤ የደረጃ 2 ሰርተፍኬትሽን እዚያ ያዢና ማስተርሱን ከዚያ በኋላ እናወራበታለን።