እናትሽ በስልክ ክፍያ ይጀምሩ ወይ?

እህቴ፣ «እናቴ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ደንበኞች በቴሌብርና በባንክ እንክፈል ይሏታል፤ እሷ ግን ብሬ ይበላል ብላ ፈርታለች፤ ትጀምር ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ይጀምሩ። እኔም ሸቀጣ ሸቀጥ ነው የምሸጠው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲመጣ እንደሳቸው ፈርቼ ብዙ ጊዜ ጥሬ ብር ብቻ ስቀበል ቆየሁ። ዝርዝር አጥቼ ስንቱን ደንበኛ መለስኩ! በመልስ ፈንታ ማስቲካ ስሰጥ አፍር ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። ለአከፋፋይ ለመክፈልም ሱቅ ዘግቼ ባንክ አልሰለፍም። ማታ ብር በጉያዬ ይዤ የምገባበት ስጋት ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር።

አደጋው ግን አለ፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ማታ ሱቁ በሰው ተጨናንቋል። አንድ ወጣት ዘይት፣ ስኳርና ፓስታ አስጭኖ «ልኬያለሁ» አለና ስልኩን አሳየኝ። ስሜም ብሩም ልክ ነው፤ 1,850 ብር። አመስግኜ ሸኘሁት። ማታ ሂሳብ ስሠራ ብሩ የለም። ያሳየኝ ስክሪንሾት የተቀነባበረ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የደንበኛን ስልክ አላይም። የራሴን ከፍቼ ሂሳቤ መጨመሩን አያለሁ። የመጣ መልእክት ብቻም አይበቃም፤ ከተራ ቁጥር የባንክ አስመስለው የሚልኩ አሉ። እናትሽ ስማርት ስልክ ከሌላቸው በ*127# የቴሌብር ቀሪ ሂሳባቸውን ማየት ይችላሉ። ደንበኛው ቢቸኩልም ይጠብቅ።

ለእናትሽ ይበልጥ የምሰጋው ግን ደዋዩን ነው። «ከባንክ ነው፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። «እናቴ» እያለ በትህትና ነው የሚያወራው። አንዲት ጎረቤታችን አንብበውለት ለልጅ ልጃቸው ያጠራቀሙትን በደቂቃ አጡ። ማንም ይሁን ማን፣ ያን ቁጥርም ሆነ ፒን ከጠየቀ ስልኩን ይዝጉት። አያፍሩ።

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያውቁትን ሰው ዱቤ ይጻፉበት፤ የማያውቁት ጥሬ ብር ይክፈል። የባንክ ሲስተምም ይበላሻል። መጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ታስታውሻለሽ፤ ሰው ከሂሳቡ በላይ ሲያወጣ አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ቀን ዕቃ መግዣ የሚሆን ጥሬ ብር ሁልጊዜ ቤት ይኑራቸው።

መጀመሪያ ሰሞን ቅዳሜ ማታ አንቺም አጠገባቸው ቁሚ። ሰው የሚበዛው ያኔ ነው።