«ሲ ነሽ፣ ሰው መምራት አትችይም» ተባልኩ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ጥያቄዎች ከሐዋሳ የተላኩ ናቸው። ሦስቱም ስለ ሥራ ቦታ ጠባይ ስለሆኑ አንድ ላይ አቀረብናቸው። የመጀመሪያው የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም ብዬ ቆይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። ባለፈው ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ስልጠና ተሰጠን። ዲስክ (DISC) የሚባል የጠባይ መጠይቅ ሞላንና በአራት የእንግሊዝኛ ፊደል ተከፋፈልን፦ ዲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ሲ። እኔ ሲ ወጣሁ። ሲነበብልኝ ልክ እኔን ነው የሚመስለው፣ ገርሞኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ስሜ ቀርቶ «ሲዋ» ሆኛለሁ። በቅርቡ የቅርንጫፍ ኃላፊ ቦታ ወጣና ተወዳደርኩ። ሥራ አስኪያጃችን አስጠሩኝና «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ሲ ነሽ፤ ሰው መምራት ዲ ይፈልጋል» አሉኝ። ቦታው ለሽያጭ ክፍሉ ልጅ ተሰጠ። ከሱ ጋር ደግሞ ድሮም አንግባባም። በር ላይ ቆሞ «የአለታ ወንዶው ደንበኛ ስንት ቀረበት?» ይለኛል፣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ማስረዳት ስጀምር «ቁጥሩን ብቻ» ብሎ ያቋርጠኛል። ቅርንጫፉ እዚሁ ከተማ ውስጥ ስለሆነ አሁንም በየቀኑ እንገናኛለን። እውነት ሲ የሆነ ሰው መምራት አይችልም? ከዚህ ልጅስ ጋር እንዴት ልሥራ?
አንባቢያችሁ፣ ከአቶቴ

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ሳላንዛዛ ልመልሰው። ስህተት ነው። ያ መጠይቅ ማን መምራት እንደሚችል አይናገርም። እንዲናገር ተብሎም አልተሠራም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ብታውቂ ስትከራከሪም ይጠቅምሻል። አራቱን የጠባይ ዓይነቶች የለየው ዊሊያም ማርስተን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1928። እሱን ያሳሰበው የጤናማ ሰው ስሜት በአድራጎቱ እንዴት እንደሚታይ ነበር እንጂ ማን ይሾም፣ ማን ይቅር አልነበረም። መጠይቅም አላዘጋጀም። መጠይቁን ያመጡት ከሱ በኋላ የተነሱ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ደግሞ የተለያዩ ድርጅቶች የየራሳቸውን እየሠሩ ይሸጡታል። ስለዚህ አንዱ ጋ ሲ የወጣ ሰው ሌላው ጋ ኤስ ቢወጣ አይግረምሽ።

ፊደሎቹ የሚመልሱት ሁለት ጥያቄ ነው። ይህ ሰው ነገር ሲገጥመው ፈጠን ብሎ ይገባበታል ወይስ ረጋ ብሎ ያየዋል? ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሥራው ላይ ነው ወይስ ሰዉ ላይ? ፈጠን ብሎ ሥራው ላይ የሚያተኩረው ዲ ይባላል፣ ቆፍጣናው። ፈጠን ብሎ ሰው ላይ የሚያተኩረው አይ ነው፣ ተጫዋቹ፣ አሳማኙ። ረጋ ብሎ ሰውን የሚያስቀድም ኤስ፣ ታጋሹ። ረጋ ብሎ ሥራውን የሚመረምር ሲ፣ አንቺ ማለት ነው፣ ደረሰኙን ሳታይ የማትፈርሚው። በቃ፣ ይኸው ነው። ችሎታ እዚህ ውስጥ የለም። ልምድ የለም። ታማኝነት የለም። የበታች ሠራተኛ ሲበደል ተነስቶ መናገር የለም። አራቱም ጠባይ ደግሞ በሁላችንም ውስጥ አለ፣ የሚለያየው መጠኑ ነው። ውጤቱም የመጣው አንቺው ራስሽ፣ ያን ዕለት፣ ባልደረቦችሽ አጠገብሽ ተቀምጠው፣ ስለ ራስሽ ከሞላሽው ወረቀት ነው።

«ልክ እኔን ነው የሚመስለው» ያልሽው ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ተማሪዎቹን የጠባይ መጠይቅ አስሞላ። ቆይቶ ለእያንዳንዳቸው «ውጤትህ ይኸው» ብሎ ወረቀት አደለ። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 እንዲሰጡት ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ወረቀቱ ግን የሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፣ አብዛኛውም የተወሰደው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው! የአንቺ ውጤት እንዲህ ዓይነት ነው እያልኩ አይደለም፣ በሞላሽው መሠረት የወጣ ነው። ግን «እኔን ይመስላል» ብለን ስለተገረምን ብቻ የሰው ዕድገት የሚወሰንበት ማስረጃ አይሆንም። መጠይቁን ከሚያሳትሙት ታዋቂ ድርጅቶች መካከልም ለቅጥር ማጣሪያ እንዳይውል ራሳቸው የሚያሳስቡ አሉ። ሥራ አስኪያጅሽ ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው፤ ምናልባት አሰልጣኙ አልነገራቸው ይሆናል።

ጥናት ከተባለ፣ ባሪክና ማውንት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው የሥነ ልቦና ሰዎች የሰውን ስብዕና ከሚከፍሉባቸው አምስት ትልልቅ ዘርፎች የትኛው ከሥራ ውጤት ጋር እንደሚሄድ አይተዋል። በተመለከቱት የሥራ ዓይነት ሁሉ፣ ሽያጭና ሥራ አመራርን ጨምሮ፣ ሳይዋዥቅ የተገኘው ጥንቁቅነት ነው። ሥራን በሥርዓት ይዞ፣ ኃላፊነት ወስዶ፣ ዳር ማድረስ ማለታቸው ነው። ይህ ከሲ ፊደል ጋር አንድ አይደለም፣ ሄደሽም አንድ ነው ብለሽ እንዳትከራከሪ። ግን ጠንቃቃ ሰው ለኃላፊነት አይሆንም የሚለው ወሬ መሠረት እንደሌለው ያሳያል።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? «እኔም እኮ ዲ አለኝ» ብለሽ በፊደል እንዳትሟገቺ። እዚያ ውስጥ ከገባሽ ጨዋታው የነሱ ነው። በቀጠሮ ግቢና ቦታው የወጣበትን መስፈርት ጠይቂ፣ በጽሑፍ። ከዚያ ያደረግሽውን አስቀምጪ። ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ መጋዘኑን ማን አስቆጠረ? ስንት ሰው ይዘሽ፣ በስንት ቀን? የጎደለው ዕቃ ሲገኝ ከመጋዘን ሠራተኞቹ ጋር ማን ተነጋገረ? ያ መምራት ነው። አንዳንዴ አለቃ የማያየው እኛ ሳንናገረው ስለሚቀር ነው፤ ብዙዎቻችን ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን የሠራነውን እንኳ ስንናገር አንገታችንን እንደፋለን። ቁጥርና ቀን ጠቅሶ መናገር ጉራ አይደለም። ቦታው ለዚህ ጊዜ አልፎሽ ይሆናል። ለሚቀጥለው ግን «ምን ባሟላ ነው የምታዩኝ?» ብለሽ መልሱን ይዘሽ ውጪ። «ሲዋ» የሚሉሽንም በስሜ ጥሩኝ በያቸው፣ እየሳቅሽም ቢሆን፣ ግን በየጊዜው።

ወደ ልጁ እንምጣ። እዚህ ጋ ያ ስልጠና የሚጠቅምበት ቦታ አለ፣ ከነጭራሹ አልጥለውም። ልጁ ችኩል ነው፣ መጀመሪያ መልሱን ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ መልሱ እንዳይሳሳት መነሻውን ታስቀድሚያለሽ። እሱ ምክንያቱን ሲሰማ መልስ የለሽም ብሎ ይገምታል፣ አንቺ ሲያቋርጥሽ ንቆኛል ብለሽ ትደመድሚያለሽ። ሁለታችሁም ስለ ሌላው ልብ እየገመታችሁ ነው።

በር ላይ ቆሞ «ስንት ቀረበት?» ሲል እንዲህ በዪ፦ «412 ሺህ። ከሱ ውስጥ የ90 ሺሁ ቼክ ገና አልተመነዘረም።» ከዚያ ዝም። ቁጥሩ አንደኛ፣ የሚያሳስተው ነገር ሁለተኛ፣ ሌላውን ከፈለገ ራሱ ይጠይቅ። የቼኩ ነገር ገብቶት «እንዴት?» ማለቱ አይቀርም፣ ያኔ ሙሉውን ታስረጂዋለሽ፣ ጠይቆሻልና ይሰማል። አንቺም የምትፈልጊውን በሱ ቋንቋ ንገሪው፣ አጭርና ቁርጥ ያለ፦ «ደረሰኞቹ አርብ እስከ አሥር ሰዓት ካልደረሱኝ የሳምንቱ ሂሳብ ሰኞ አይወጣም።» ለምን እንደሆነ አታብራሪ፣ ቀኑንና የሚያስከትለውን ብቻ።

ሰላምታውን ግን ለጠባይ ዓይነት አላለብሰውም። ቆፍጣና ሰው «እንደምን አደርሽ» ለማለት ሁለት ሰከንድ አያጣም። ደውሎ ገና ሄሎ ሳይል ቁጥር ሲጠይቅሽ አንቺ «እንደምን አደርክ፣ ሁሉ ደህና?» ብለሽ ጀምሪ። ካላፈረ፣ ቢያንስ እንደማትተዪው ያውቃል።

ጥያቄ፦ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የመስመር ሱፐርቫይዘር ነኝ። ጠዋት ሁሉንም ሰብስቤ «ችግር ያለበት?» ስል አንድም ሰው አይናገርም። ከሰዓት ታርጌት ይጎድላል፣ ያኔ መርፌ ተሰብሮ ነበር፣ ክር ዘግይቶ ነበር ይሉኛል። ስለ ጠባይ ዓይነቶች ስሰማ የኔ መስመር በሙሉ ኤስ ነው መሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ሰዎችን እንዴት ነው የማናግራቸው?
ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ ሙሉ መስመር አንድ ዓይነት ጠባይ ካሳየ ጠባዩ የሰዎቹ ሳይሆን የቦታው ነው። ሰው ያደረገውን አይተን «ተፈጥሮው ነው» ማለት፣ የገባበትን ሁኔታ መርሳት፣ የሁላችንም ችግር ነው፤ ሊ ሮስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ስም ሰጥቶ በሰፊው ጽፎበታል። ሠራተኞችህ ቤታቸው ሄደው ሲያወሩ ብታያቸው ማን ተጫዋች፣ ማን ቆፍጣና እንደሆነች ያኔ ትለያለህ።

መርፌውን እንይ። መርፌ ሲሰበር ስባሪው በሙሉ ተሰብስቦ ካልተመለሰ አዲስ አይሰጥም፣ ስባሪ ልብስ ውስጥ ከቀረ የለበሰውን ይወጋዋልና። ሥርዓቱ ትክክል ነው። ግን አንዷ ቁራጭ የጠፋባትን ልጅ አስባት። ማሽኗ ቆሟል፣ ወለል ላይ ተንበርክካ ትፈልጋለች፣ ከኋላዋ ያለችው ሥራ እየጠበቀች ነው፣ አንተ ከወዲያ እየመጣህ ነው። ባለፈው የመጀመሪያ ቃልህ ምን ነበር? «እንዴት ሰበርሽው?» ከነበረ ዛሬ አትነግርህም። «ቁራጩ የት ነው፣ አብረን እንፈልግ» ከነበረ ትነግርሃለች።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። ቤቷ ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ የምትናገር ገና የገባች ልጅ ሠላሳ ሰው ፊት በአማርኛ ቅሬታ ታቅርብ ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ በስብሰባ ላይ ጥያቄውን ተወው። ማሽኗ ጋ ሄደህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ መልሱ አጭር የሆነ ነገር ጠይቅ፦ «ትናንት ክር ስንት ጊዜ ተበጠሰብሽ?» በቀን አራት አምስት ሰው ይበቃል። የነገረችህን በዚያው ቀን ፈጽመህ አሳያት። ወሬው በምሳ ሰዓት መስመሩን ያዳርሳል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ወጣቶቹ ሠራተኞች ኃይለኛ ነው ብለው እንደሚፈሩኝ ሰማሁ። ክፋት የለብኝም፣ ሥራ ሲበላሽ ግን መታገሥ አልችልም። በዚህ ዕድሜ ጠባይ ይለወጣል?
ከመናኸሪያ

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄውን መላክዎ ራሱ ደስ ብሎኛል። መሠረታዊ ጠባይ በአንድ ጀምበር አይገለበጥም፣ እንዲገለበጥም አልመክርዎትም፤ ዕቃ ሲበላሽ የሚቆረቆር ኃላፊ ለድርጅቱ ሀብት ነው። የሚለወጠው አድራጎት ነው፣ እሱም ሁሉም አይደለም፣ አንድ ቦታ ይምረጡ። ብዙ ጊዜ የሚጮኹት መቼ ነው? መኪና ሲጫን ከሆነ እዚያው ላይ ብቻ ይሥሩ። ጭነቱ ከመጀመሩ በፊት ምን ከታች፣ ምን ከላይ እንደሚሆን ሁለት ደቂቃ ወስደው ለልጆቹ ይንገሯቸው። ሲሳሳቱ «ይቁም» ይበሉ፣ ስድብ ሳይጨምሩ፣ ከዚያ ምን እንደተሳሳተ ያሳዩ። ተግሣጹን ደግሞ ልጁን ለብቻው ጠርተው ያድርጉት። ሾፌሩና ወዛደሩ ሁሉ እየሰሙት የተቆጡት ልጅ የሚያስታውሰው ቁጣውን ነው፣ ስህተቱን አይደለም።

ምን እንደሚያስፈራቸው ፊት ለፊት ቢጠይቋቸው «ኧረ ምንም የለም ጋሼ» ነው የሚሉዎት። በዕድሜ የሚቀርቧቸውን፣ እርስዎም የሚያምኑትን አንድ ሰው በመሐል አድርገው ያስጠይቁ። የመጣውን መልስ ማን እንዳለው ግን አይጠይቁ።