ኮራሌ ለምን ቀለሙን ለቀቀ? ጥያቄና መልስ

በቤት አኳሪየም ስለሚያድግ ኮራል (ድንጋይ የሚመስል አጽም ያለው የባሕር እንስሳ) የመጡት ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ አንዳንዶቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ቁጥሮቹ በዋናነት አክሮፖራና ሞንቲፖራ ለተባሉት የኮራል ዓይነቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐምራዊ ሆኖ የገዛሁት አክሮፖራ በሁለት ወር ቡናማ ሆነብኝ። ሊሞት ነው?

መልስ፦ የለም፣ ጠግቦ ነው። ቡናማው ቀለም በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ዙዛንተሌ የተባሉ ደቂቅ አልጌዎች ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዛ ወይም ብርሃን ሲያንስ አልጌዎቹ ይበዙና የኮራሉን ቀለም ይሸፍኑታል። ናይትሬትን ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ያድርጉት። ፎስፌት የሚመጠውን የብረት ኦክሳይድ ግን በአንዴ አይሙሉት፤ ፎስፌት በድንገት ሲወርድ የኮራሉ ሥጋ ሊላጥ ይችላል። በመመሪያው ከተጻፈው ሩቡን ብቻ ያስገቡና በየሦስት ቀኑ ይለኩ።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ገረጣ። ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ ነው፤ ውሃው ንጹሕ አይደል እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃሽ ባዶ ነው፤ ኮራሉ ተርቧል። መጀመሪያ ለዓሦቹ ምግብ ጨምሪ፣ ስኪመሩንም (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ማጣሪያ) በቀን ለጥቂት ሰዓት አጥፊው። ካልበቃ ሶዲየም ናይትሬት አለ፦ 0.7 ግራም የ100 ሊትርን ናይትሬት በ5 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ከፍ ያደርጋል። ለአምስት ቀን ከፋፍለሽ ስጪው፤ የማዳበሪያ ደረጃውን አትግዢ። አልካሊኒቲሽ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፤ የሚለካው በዲኬኤች ነው) 10 ወይም 11 ዲኬኤች ከሆነ ቀስ ብለሽ ወደ 8 አውርጂው። በተራበ አኳሪየም ውስጥ ከፍ ያለ አልካሊኒቲ የቅርንጫፎቹን ጫፍ ያቃጥላል። በቀን ከ0.5 በላይ መዋዠቅ ደግሞ ከቁጥሩ ራሱ ይበልጥ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ዲጂታል መለኪያዬ ፎስፎረስ 20 ይላል። ብዙ ነው?

መልስ፦ ያ ከቢሊዮን ክፍል ውሃ ስንቱ ፎስፎረስ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። በ3.066 አባዝተህ ለ1000 አካፍለው፤ ፎስፌትህ 0.06 ሚሊግራም በሊትር ነው። ምንም አትንካ።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ መብራት ብጨምር ይደምቃል?

መልስ፦ ለዓይን፣ አዎ፣ ወዲያው። ከ400 እስከ 470 ናኖሜትር ያለው ብርሃን የሚያበሩ ፕሮቲኖችን ያነቃል። (የሻጮች ፎቶ የሚያሳስተውም በዚሁ ነው።) ኮራሉ አዲስ ቀለም እንዲሠራ ግን በቂ ፓር (ለአልጌዎቹ ምግብ መሥሪያ የሚሆነው ብርሃን መጠን) ይፈልጋል፤ ለአክሮፖራ ከ250 እስከ 350። አዲስ መብራት ከሆነ በ50 በመቶ ጀምረህ በየሳምንቱ 5 በመቶ ጨምር፤ ከተጣደፍክ ኮራሉ ይነጣል። በነጭ ብርሃን፣ ከአንድ ቦታ ሆነህ ፎቶ አንሣና ከስድስት ሳምንት በኋላ አስተያየው። ከዚያ በፊት መፍረድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ከባሕር ቀድቼ ብጠቀምስ?

መልስ፦ የባሕረ ሰላጤው ውሃ ጨዋማነቱ በኪሎ ውሃ 40 ግራም ገደማ ነው፤ አኳሪየም የሚፈልገው 35። በ100 ሊትር ላይ 14 ሊትር ያህል ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ጨምር፤ ካልሲየምና አልካሊኒቲን እንደገና ለካ። ከወደብና ከጀልባ ማቆሚያ አጠገብ አትቅዳ፤ ለጀልባ ቀለም የሚገባው መዳብ ለኮራል መርዝ ነው።