መልስ፦ ሪሲቨሩ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ቀዩ ብልጭ ድርግም እያለ አልነሳ ላለው የፍኖተ ሰላም ልጅ

ቦርዱ ተቃጥሏል ብለህ አትጣለው፣ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ (ለዋናው ቦርድ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ላይ ያለች ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ቆርቆሮ መሰል ክብ እቃ ናት።

ሶኬቱን ንቀልና ክዳኑን ክፈት፣ ወደ ዋናው ቦርድ በሚሄዱት ሽቦዎች በኩል ያሉትን የትናንሾቹን ካፓሲተሮች አናት እይ። ጤነኛው ልሙጥ ነው፣ የሞተው ጉብ ብሎ ያበጠ ነው፣ አንዳንዴም ቡናማ ነገር ይተፋል። 1000 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት የሚል ከሆነ ማይክሮፋራዱ (የማጠራቀም አቅሙ) እንዳለ ሆኖ ባለ 16 ቮልት ብታስገባ ምንም አይልም፣ ከ10 በታች ግን እንዳትሞክር። ሙቀት የሚችለውን፣ 105 ዲግሪ የሚለውን ግዛ። መስመር ያለበት ጎን ነጌቲቭ ስለሆነ ገልብጠህ እንዳትበይደው።

እዚህ ደብረ ማርቆስም ቢሆን ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ይሰጡሃል፣ ርካሽ ነው ግን ብዙ ሳይቆይ መልሶ ያብጣል፣ አዲስ ጠይቅ።

አንድ ነገር ግን፣ 400 ቮልት የተጻፈበትን ትልቁን ካፓሲተር፣ ሶኬቱን ነቅያለሁ ብለህ እንዳትነካው፣ ወደ 310 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሰዉ በካቻቪቴ ሾርት ያደርገዋል፣ እሳት ይተፋል እኮ! የድሮውን ባለሽቦ የ220 አምፖል፣ ኤልኢዲ ሳይሆን፣ በተሸፈነ ሽቦ የካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ ኃይሉ እንዲወጣ ትንሽ ያዝበትና ቮልቱን በቴስተር ለካ፣ ዜሮ አካባቢ ሳይደርስ መበየጃውን አታንሳ።