ላዩ ተልጦ ሥሩ የቀረ የግድግዳ ወረቀት

ጥያቄ፦ የመኝታ ቤቴን አሮጌ የግድግዳ ወረቀት እያነሳሁ ነው። ላዩ ላይ ያለው ባለ አበባው ንጣፍ ያለ ችግር ተላጠ፤ ከሥሩ ግን ስስ ነጭ ወረቀት ተጣብቆ ቀረ። በስፓቱላ ስፈቀፍቀው ሁለት ቦታ ላይ ግድግዳው ተቦጭቆ ቡናማ ነገር ብቅ አለ። ጓደኛዬ «ተወው፣ ላዩ ላይ ቀለም ቀባበት» ይለኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ለጊዜው ስፓቱላውን ያስቀምጡት። ላዩ ብቻውን ተልጦ ከመጣ ወረቀትዎ ቪኒል ሳይሆን አይቀርም፤ ስስ ፕላስቲክ ከወረቀት ጋር ተጣብቆ የተሠራ ማለት ነው። ውሃ የማያሳልፈው ፕላስቲኩ ስለተነሳ ከባዱ ሥራ አልቋል። የቀረው ወረቀት ውሃ ይጠጣል።

ያሳሰበኝ ቡናማው ነገር ነው። ግድግዳው ጂፕሰም ቦርድ ሳይሆን አይቀርም፤ በጣትዎ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ግምቱ ይጠነክራል። ጂፕሰም ቦርድ ፊቱ ራሱ ወረቀት ነው። ቡናማ ሆኖ ያዩት የዚያ ወረቀት ውስጠኛው ክፍል ነው። ስለዚህ የሚፈልጉት አንዱን ወረቀት ከሌላው ወረቀት ላይ ማንሳት ነው፤ ያ ደግሞ በጉልበት አይሆንም።

የግድግዳ ወረቀት ሙጫ አብዛኛውን ጊዜ ከስታርች ወይም ከሴሉሎስ የሚሠራ ስለሆነ ሁለቱም በውሃ ይለሰልሳሉ። ሰው የሚሳሳተው ግን ሰዓቱ ላይ ነው፤ አርጥቦ ወዲያው መፈቅፈቅ ይጀምራል። ውሃው ገና ሙጫው ጋ ሳይደርስ!

መጀመሪያ የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ ያጥፉ፤ ውሃ በሶኬት ቀዳዳ እንዳይገባ በደንብ ይጠንቀቁ። ወለሉ ላይ ላስቲክ ያንጥፉ። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩ፤ ሳሙናው ውሃው ወደ ታች ከመንጠባጠብ ይልቅ ወረቀቱ ውስጥ እንዲሰርግ ያደርገዋል። አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ብቻ ወስደው በመርጫ ያርጥቡ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁና እንደገና ያርጥቡ። ወረቀቱ ሲጠቁርና መጨማደድ ሲጀምር ጠርዙን በጥፍርዎ ይሞክሩት። ሳይቀደድ ተንሸራትቶ ከተነሳ ሙጫው ለቋል፤ ከተቀደደ ገና ነው፣ ይጠብቁት።

ከዚያ ሰፊ ስፓቱላ ይያዙ፤ ሁለቱን ሹል ማዕዘኖች ግን አስቀድመው በሞረድ ትንሽ ያዶልዱሟቸው። ግድግዳ የሚቦጭቀው ስለቱ ሳይሆን ማዕዘኑ ነው። ስፓቱላውን ከግድግዳው ጋር ሊተኛ እስኪደርስ ዝቅ አድርገው በቀስታ ይግፉት። የቦርዱ ፊት ራሱ ሲለሰልስ ከተሰማዎት ያቁሙና ይድረቅ። የእንፋሎት ማሽን ለሲሚንቶ ልስን ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ ግድግዳ ግን አልመክርም። ወረቀት መብሻ ጥርሳም ተሽከርካሪውም እንዲሁ፤ ቦርዱን ይበሳብዎታል።

ወረቀቱ ከተነሳ በኋላ ብዙዎች «አለቀ» ብለው ይሄዳሉ፤ እኔን በጣም የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው። ሙጫው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ በላዩ የተቀባ ቀለም ደግሞ ይሰነጣጠቃል፣ ይላጣል። በሙቅ ውሃና በተጨመቀ ስፖንጅ ይጥረጉት፤ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ አለበለዚያ ሙጫውን መልሰው እየቀቡት ነው። ሲጨርሱ እርጥብ መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ያሳልፉ። ካንሸራተተዎት ሙጫ አለ። አዮዲን ካለዎት በውሃ አቅጥነው አንድ ጠብታ ያድርጉበት፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች ቀርቷል። የሴሉሎስ ሙጫን ግን አዮዲን አያሳይም፤ እዚያ ላይ መዳፍዎን ይመኑ።

ለተቦጨቁት ሁለት ቦታዎች፦ የተነሳውን ጫፍ አይጎትቱት፣ በካተር ዙሪያውን ቆርጠው ያውጡት። በቀጥታ ስቱኮ አይምቱበት። የስቱኮው ውሃ ቡናማውን ወረቀት ያሳብጠዋል፤ አረፋ ይሠራል። ግድግዳው ሲደርቅ በመጀመሪያ የዘይት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ ማሸጊያ) ይቀቡት፤ ፕራይመሩ ሲደርቅ በሁለት ስስ ዙር ስቱኮ ሞልተው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ቤቱ በጣም አሮጌ ከሆነ ግን ከሥር ያለው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉ። ወረቀቱ ሥር ጥቁር ሻጋታ ካገኙም እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ ቀለም አይግዙ።

የጓደኛዎን ሐሳብ በተመለከተ፦ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ሙጫውን መልሶ ስለሚያረጥበው ወረቀቱ ይነፋል፣ መጋጠሚያዎቹም ገንነው ይታያሉ። ቦርዱ ፕራይመር ሳይቀባ ወረቀት ተለጥፎበት ከሆነ ግን አንዳንድ ቦታ ሁለቱ ጨርሶ አይለያዩም። እዚያ ላይ አይታገሉ። የላላውን ብቻ ያንሱ፣ ጠርዙን ያለስልሱ፣ በዘይት ፕራይመር ያሽጉት፣ ከዚያ ስስ ስቱኮ ይጎትቱበት።

የመጨረሻውን ቀለም ከመጀመርዎ በፊት ሁሉም ግድግዳ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ፣ መስኮት ተከፍቶ ይድረቅ። መላውን ክፍል ፕራይመር ይቀቡ፤ ከደረቀ በኋላ ከበሩ ጀርባ ያለውን ጥግ ብቻ የመረጡትን ቀለም ቀብተው ያሳድሩት። በማግስቱ ስንጥቅ ወይም አረፋ ካላዩበት ቀሪውን ይቀጥሉ።