የሽንት ፊኛ ቦቶክስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ ሽንቷ በድንገት ይመጣና ሽንት ቤት ሳትደርስ ያመልጣታል። ኪኒኑ አልረዳትም። መርፌው ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ፊኛው ገና ሳይሞላ የሚኮማተረው ከነርቭ በሚለቀቀው አሴቲልኮሊን (ጡንቻን የሚያኮማትር ኬሚካል) ነው። በመርፌ የሚሰጠው ቦቶክስ፣ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት፣ ይህን ይገታል። መጀመሪያ ግን ሽንታቸው ይመርመር፤ ኢንፌክሽን ካለ ሳይታከም መርፌው አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ስንት ቦታ ይወጋል? ያማል?

መልስ፦ 20 ቦታ። ሊዶካይን (ማደንዘዣ) በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን የሽንት ቱቦ፣ ገብቶ ፊኛው ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ተቀድቶ ይታጠባል። ብዙ ሰው መቆንጠጥ ብቻ ይሰማዋል። የቦቶክሱ መጠን 100 ዩኒት (የመድኃኒቱ መለኪያ) ሲሆን በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ይሟሟል፤ ጠርሙሱ በቀስታ ይዞራል እንጂ አይናጥም። ሐኪሙ በካሜራ እያየ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ 0.5 ሚሊ ሊትር ይወጋል፣ ጥልቀቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል። ፊኛው ከመጠን በላይ ከተወጠረ ግድግዳው ስለሚሳሳ መርፌው ሊያልፍ ይችላል። መጨረሻ ላይ መርፌው ውስጥ የቀረው መድኃኒት በ1 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይገፋል፤ ይህ ከተረሳ ሙሉው መጠን አይገባም።

ጥያቄ፦ 200 ዩኒት አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። 200 ዩኒት፣ 30 ቦታ ላይ፣ የህብረ ሰረሰር ጉዳት ወይም መልቲፕል ስክለሮሲስ (የነርቭ በሽታ) ላለባቸው ነው። የዲስፖርት (ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት) ዩኒትም ከቦቶክስ ዩኒት ጋር እኩል አይደለም።

ጥያቄ፦ ሽንት ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከመወጋት በፊት መወሰን ያለበትም ይኸው ነው። በ100 ዩኒት ጥናቶች ከ100 ሰው 6 ያህሉ ካቴተር አስፈልጓቸዋል። ለዘለቄታው አይደለም፣ ግን ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በራስ እጅ ካቴተር ማስገባት አስቀድሞ ይለመድ። ይህን ፈጽሞ የማይፈልግ ሰው ሌላ ሕክምና ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በ2 ሳምንት ውስጥ ከሸኑ በኋላ የሚቀረው ሽንት በአልትራሳውንድ ይለካ፤ ከ200 ሚሊ ሊትር ካለፈና ምልክት ካለ ካቴተር ይታሰባል። ጠብ ጠብ ማለቱን አትመኑ። የሞላ ፊኛም ሞልቶ ሲፈስ እንደዚያው ነው፤ «መርፌው አልሠራም» ተብሎ ሳይለካ ከተደገመ ችግሩ ይብሳል። ጨርሶ መሽናት ካቃተ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት!

ጥያቄ፦ አስፕሪን እወስዳለሁ። አንቲባዮቲክስ?

መልስ፦ አስፕሪን ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት ይቆማል፣ ግን የልብ ሐኪምዎ ሳይፈቅድ አያቁሙ። አንቲባዮቲክ ከ1 እስከ 3 ቀን በፊት፣ በዕለቱና ከዚያም ከ1 እስከ 3 ቀን ይወሰዳል። ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ግን አይሆንም፤ የቦቶክስን ጡንቻ የማድከም ኃይል ያባብሳል።

ጥያቄ፦ መቼ ይሠራል? ይደገማል?

መልስ፦ በ2 ሳምንት ገደማ ለውጡ ይታወቃል፣ ለ6 ወር ያህል ይቆያል። ሲለቅ ይደገማል፤ ከ12 ሳምንት በፊት ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሽንቴ ቀላ ቢል?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ደም የተለመደ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ይታዩ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ሳምንታት ቢያልፉም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።